ከስህተቱ በኋላ ያለችው ደቂቃ

አሠልጣኝ በተጫዋቹ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚታወቀው ተጫዋቹ ሲያስቆጥር አይደለም። ሲያስቆጥርማ ሁሉም ያምንበታል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ጋዜጠኛው ያሞግሳል፣ የሩቅ ዘመድ ሳይቀር ይደውላል። ልኩ የሚታየው ልጁ ኳሷን በገዛ እጁ ለባላጋራ አስረክቦ፣ ፊቱ ተለዋውጦ፣ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ነው። አሠልጣኙ ያስወጣዋል? ይጮህበታል? ወይስ «ቀጥል» ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል? የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያቺ ቅጽበትና ከእሷ በኋላ ያለችው ደቂቃ ናት።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ነው፤ ምክንያትም አለኝ። በዚያ ሥርዓት ከ18 እስከ 22 ዓመት ያለ ወጣት ከቤቱ ወጥቶ፣ ገና ራሱን በቅጡ ሳያውቅ፣ በአንድ አሠልጣኝ እጅ ይገባል። ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት፣ የት እንደሚሰለፍ፣ ብዙ ጊዜም የትምህርት ወጪውን የሚሸፍንለት ስኮላርሺፕ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ያ ሰው ነው። በከፍተኛው ምድብ ብቻ ከ350 በላይ ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ በማርች ወር የሚጀምረው ብሔራዊ ውድድር ደግሞ ጥሎ ማለፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ለ19 ዓመት ልጅ የመሳሳት መብት መስጠት ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋ ስለሚያስከፍልም የእውነተኛውና የአፍ እምነት ልዩነት እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ዴቪድሰን በሰሜን ካሮላይና ግዛት ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ተማሪዎቹ 2,000 አይሞሉም። አሠልጣኙ ቦብ ማኪሎፕ ሥራ የጀመረው በ1989 ሲሆን በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ያሸነፈው አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2006 ወደ ቡድኑ ያመጣው ልጅ ቀጭን፣ ለባስኬት አጭር የሚባል፣ ገና ጢም ያላወጣ የሚመስል ነበር። አባቱ ዴል ከሪ በኤንቢኤ ዘመኑ ስመ ጥር ተኳሽ ቢሆንም ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ልጁን አልፈለጉትም። አባቱ ራሱ የተጫወተበት ቨርጂኒያ ቴክ እንኳ ያቀረበለት ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን እንዲቀላቀል ነበር። ያ ልጅ ስቴፈን ከሪ ነው።

ከሪ በኮሌጅ ደረጃ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ከኢስተርን ሚሺጋን ጋር ነበር። በዚያ ጨዋታ 13 ጊዜ ኳስ አስነጠቀ። ባስኬት ለማያዘወትር አንባቢ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ልንገር፤ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አምስት ጊዜ ኳስ ካስነጠቀ ቀኑ ከፋበት ይባላል። 13 ጊዜ ማስነጠቅ አሠልጣኙን ጭንቅላቱን ይዞ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነው። ማኪሎፕ ልጁን አስወጥቶ ቀሪውን ጊዜ ከአጠገቡ ቢያስቀምጠው ማንም አይወቅሰውም ነበር። ከሪ ግን መጫወቱን ቀጠለ፤ ቡድኑም በመጨረሻ አሸነፈ። በማግስቱ ከስመ ጥሩው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲገናኙ ማኪሎፕ ያንኑ ልጅ ደግሞ አሰለፈው። ከሪ 32 ነጥብ አስቆጠረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ከሪ በኋላ ከሆነው ነገር ተነሥቶ ነው። «አሠልጣኙ ታላቅነቱን አስቀድሞ አየ» ይሉና ያልፉታል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለችው ሌሊት ናት። ማኪሎፕ በዚያች ሌሊት በእጁ የነበረው መረጃ 13 ስህተት ነው፤ የኤንቢኤ ዋንጫ አልነበረም። ሆኖም ልጁን ለሳምንታት በልምምድ አይቶታል። እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ ኳስ ሳይይዝ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ሲታረም እንዴት እንደሚያዳምጥ ያውቃል። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ለኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች «ይህን ልጅ ጠብቁ» እያለ ይናገር ነበር። ስለዚህ በአንድ ምሽት ያየውን ለሳምንታት ካየው ጋር አመዛዘነ፤ ሳምንታቱም አንዱን ምሽት አሸነፉ። ጭፍን እምነት የሚባለው ከዚህ በጣም የራቀ ነው። አሠልጣኝ ተጫዋቹን በልምምድ ካላጠናው የጨዋታ ቀን ስህተት ሲመጣ የሚመዝንበት ሌላ ነገር የለውም፤ ስለዚህ የሚያየው ስህተቱን ብቻ ይሆናል፣ ያስወጣዋልም።

ዴቪድሰን ውስጥ መተማመን፣ ቁርጠኝነትና መተሳሰብ የሚሉ ሦስት ቃላት የቡድኑ መመሪያ ነበሩ። ከሪ ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ የሦስቱን ቃላት መነሻ ፊደላት በጫማው ላይ አስጽፎ ይጫወት ነበር። በ2008 ብሔራዊ ውድድር ቡድኑ ከጆርጅታውን ጋር ሲጋጠም ከሪ በመጀመሪያው አጋማሽ ያስቆጠረው አምስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ኳሱ አልገባ ብሎት ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ 25 አስቆጠረ፣ ዴቪድሰንም አለፈ። ኳስ አልገባ ሲል መወርወሩን የሚያቆም ልጅ እንዲህ ያለ ሁለተኛ አጋማሽ አያገኝም፤ መወርወሩን የማያቆመው ደግሞ ቢስት እንደማይባረር ካወቀ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። አሠልጣኝ ለአንድ ልጅ የሰጠው እምነት በዚያ ልጅ ላይ አይቆምም። ዴቪድሰን በዚያው ዓመት ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ለመግባት ከካንሳስ ጋር ሲጫወት፣ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች በሁለት ነጥብ እየተመራ ኳሷ ከሪ እጅ ገባች። ተከላካዮች ሲከቡት ነጻ ለነበረው ጓደኛው ለጄሰን ሪቻርድስ አቀበለው። ሪቻርድስ ሳተ፤ 59 ለ57 ተሸነፉ። ሪቻርድስ በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ጓደኞቹን ለጎል በማቀበል አንደኛ የነበረ ተጫዋች ነው። ለሌላው ሲያመቻች የኖረ ሰው የመጨረሻዋን ኳስ ሲሰጡት ማየት ለእኔ ሽንፈት ሆኖ አይታየኝም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሎዮላ የተባለው የሜሪላንድ ኮሌጅ ከሪን ጨዋታውን ሙሉ በሁለት ሰው ሲያስጠብቀው፣ ከሪ ወደ ሜዳው ጥግ ሄዶ ቆመና ሁለቱን ጠባቂዎች እዚያው አቆያቸው። ቀሪዎቹ አራቱ ሦስት ተከላካይ ብቻ ቀረላቸው። የአገሪቱ ታላቅ አስቆጣሪ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ቡድኑ በ30 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ሲታመንበት ያደገ ልጅ ጓደኞቹን ማመን አያስፈራውም።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ደህና አድርገው አጥንተውታል። አልበርት ባንዱራ በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን ስሜት ከአራት ምንጮች እንደሚያገኝ ጽፏል፦ ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት ነገር፣ እሱን የመሰሉ ሰዎች ሲሳካላቸው ከማየት፣ ሌሎች ከሚነግሩት የማበረታቻ ቃል፣ እንዲሁም ሰውነቱ ከሚሰጠው ምልክት፣ ማለትም ከልብ ምቱና ከጭንቀቱ። ከአራቱ ኃይለኛው የመጀመሪያው ነው። ቃል ብቻውን ደካማ ነው፤ የመጀመሪያው ውድቀት ያጠፋዋል። ከዚህ የሚከተለው ለአሠልጣኞች ከባድ ነው። ተጫዋቹን በየቀኑ «አምንብሃለሁ» እያሉ በየጨዋታው ከወንበር የማያስነሡ ከሆነ፣ ልጁ የሚያምነው ወንበሩን ነው። ሠርቶ እንዲሳካለት የሚሠራበት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ደቂቃውም ከስህተት ጋር ነው የሚመጣው።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1968፣ ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን መምህራን ስለ ተማሪዎቻቸው የያዙት ግምት በተማሪዎቹ ውጤት ላይ እንደሚንጸባረቅ የሚያሳይ ጥናት አሳትመው ነበር። የተጽዕኖው መጠን እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ሐሳቡ ወደ ስፖርት ገባ። የስፖርት አጥኚዎች ሂደቱን እንዲህ ያስረዳሉ። አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ልጁ አንድ ግምት ይይዛል። ግምቱ አያያዙን ይለውጣል። ልጁ አያያዙን ያነባል። ከዚያ እንደተገመተው ሆኖ ይገኛል፤ አሠልጣኙም «አላልኳችሁም?» ይላል።

አደገኛው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም አሠልጣኙ ራሱ አያየውም። ተስፋ የጣለበት ልጅ ሲሳሳት ያስቆመዋል፣ ክርንህ ወጥቷል፣ ዓይንህን ቶሎ አነሣህ ይለዋል፣ ያስደግመዋል። ተስፋ ያልጣለበትን ግን «አይዞህ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይባስ ብሎ ዝም ይለዋል። ቀላል ሥራ ሠርቶ ሲሳካለትም ከልክ በላይ ያሞግሰዋል። ልጁ ሞኝ አይደለም። ለጓደኛው የሚሰጠው እርማት ለምን ለእሱ እንደማይሰጥ ይገባዋል። ብዙ ደግ አሠልጣኞች በየዋህነት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ ደካማውን ልጅ ላለማሳዘን ሲሉ ትምህርት ይነፍጉታል።

የዩሲኤልኤውን አሠልጣኝ ጆን ውደንን የማነሣው ለዚህ ነው። ውደን ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት አሥር ብሔራዊ ዋንጫ ወስዷል። በመጨረሻው የሥራ ዘመኑ ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ልምምዱን ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን ንግግሩንና ድርጊቱን መዘገቡ። 2,326 የማስተማር ድርጊቶች ቆጠሩ። ሦስት አራተኛ የሚሆኑት መረጃ ያዘሉ ነበሩ፤ ምን ይደረግ፣ እንዴት ይደረግ፣ መቼ ይደረግ የሚሉ። ሙገሳውም ተግሣጹም እያንዳንዳቸው ከመቶ አሥር እንኳ አይደርሱም። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቱ ካልሲ አጥልቆ ጫማ ማሰር ነበር፤ የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፣ የቆሰለ እግር ከልምምድ ያስቀራል። ይህ ሰው ተጫዋቾቹን በሙገሳ አላሰከራቸውም። ትንሿን ነገር ሳይቀር አስተምሯቸው፣ ጨዋታ ሲጀመር ግን ከወንበሩ እየተነሣ አይጮህም ነበር። እንደ እሱ አስተሳሰብ የአሠልጣኝ ሥራ በልምምድ ያልቃል፤ ጨዋታው የተጫዋቾቹ ነው። ማስተማርና ማመን እንዲህ ተያይዘው ይሄዳሉ። ያላስተማረ አሠልጣኝ ልጁን «አምኜሃለሁ» ብሎ ሜዳ ቢያስገባው እምነት አልሰጠውም፤ ለብቻው ጥሎታል።

እኛ ዘንድ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ቃሉ የቆየ ነው፣ ከብዙ ልምድ የመጣም ነው፤ ግን ልጅ ካላቦካ መቼ ይለምዳል የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ዲን ስሚዝ ጥያቄውን የመለሰበት መንገድ እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ ይማርከኛል። ስሚዝ ለአዲስ ገቢዎች የዋህ አልነበረም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ኳስ ይሰበስባሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፤ ቅድሚያ የታላላቆቹ ነው። በ1981 ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው መጽሔት የቡድኑን ቋሚ ተሰላፊዎች በሽፋኑ ሊያወጣ ሲፈልግ ስሚዝ አራቱን ብቻ ፈቀደ። አምስተኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርና ቀረ። ያ የቀረው ልጅ ማይክል ጆርዳን ነው።

ይኸው ጥብቅ ሰው በማርች 29 ቀን 1982፣ በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ፣ 32 ሰኮንድ ሲቀር ታይም አውት ጠራ። ጆርጅታውን 62 ለ61 ይመራል። ስሚዝ ከዚያ በፊት ስድስት ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ገብቶ አንድም ዋንጫ አልወሰደም፤ «ትልቅ ጨዋታ ማሸነፍ አይችልም» እየተባለ ይታማ ነበር። ቡድኑ ውስጥ በዚያ ምሽት 28 ነጥብ ያስቆጠረው ጄምስ ዎርዚ አለ፤ ሳም ፐርኪንስም አለ። ተከላካዮቹ ወደ እነዚህ ሁለቱ እንደሚሰበሰቡ ስለገመተ ኳሷ በሌላው ጎን ወዳለው የ19 ዓመት ልጅ እንድትሻገር አዘዘ፤ ኳሷ ብትደርሰው ያለ ማመንታት እንዲወረውር ለጆርዳን ነገረው። ጆርዳን ወረወረ፤ ገባች። ጨዋታው 63 ለ62 አለቀ። ለመጽሔት ሽፋን አልደረስክም የተባለው ልጅ ለዋንጫዋ ኳስ ደርሶ ነበር። ስሚዝ ዝናን ነፈገው፤ ኃላፊነትን ግን ሰጠው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚደረገው ተገላቢጦሹ ነው።

የስሚዝ እምነት የሚታየው በትልቅ ቀን ብቻ አልነበረም፤ በተራ ሕግጋቱ ውስጥም ገብቶ ነበር። የደከመው ተጫዋች እጁን ጨብጦ ያነሣል፣ አሠልጣኙም ያስወጣዋል። እንዲህ ራሱ ጠይቆ የወጣ ተጫዋች ትንፋሹ ሲመለስለት ተመልሶ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ራሱ ነው። አስቡት፤ ተጫዋች «ደክሞኛል» ማለትን የሚፈራው ከወጣ የማይመለስ ስለሚመስለው ነው፤ ስሚዝ ያንን ፍርሃት በአንድ ደንብ ቆረጠው። ጎል ያስቆጠረ ሰው ላቀበለው ጓደኛው በጣቱ እየጠቆመ እንዲያመሰግን ማድረጉም ከእሱ የመጣ ልማድ ነው። ስሚዝ በ2015 ሲሞት በኑዛዜው ለ180 ያህል የቀድሞ ተጫዋቾቹ ለእያንዳንዳቸው እራት ይጋበዙበት ዘንድ 200 ዶላር ትቶላቸዋል። ኮከቡም፣ ከወንበር ተነሥቶ የማያውቀውም እኩል ደረሰው።

የዚያ የ1982 የዋንጫ ምሽት ሌላኛው ግማሽ ከተሸናፊዎቹ ወገን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጆርዳን ኳስ ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል። ጆርዳን ካስቆጠረ በኋላ ጆርጅታውን ለማሸነፍ ጊዜ ነበረው። ኳሷን የያዘው ፍሬድ ብራውን ግን ጓደኛው መስሎት ለባላጋራው ለዎርዚ አቀበለ። ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን እያዩት ነው። የጆርጅታውን አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን፣ እንደ ግንብ የቆመ፣ ቁጣው የሚፈራ ሰው፣ ብራውንን አቀፈው። አቅፎም ቆየ። ቶምሰን በዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቢሮው ውስጥ አየር የወጣለት ኳስ ያስቀምጥ ነበር፣ ተጫዋቾቹ አንድ ቀን ኳሱ እንደሚያልቅና ሕይወት እንደሚቀጥል እንዲያስቡ። ብራውን ከቡድኑ አልተገፋም፤ መጫወቱን ቀጠለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ጆርጅታውን ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ ቶምሰን ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ፤ ብራውንንም በዚያ ምሽት ደግሞ አቀፈው።

በሁለቱ እቅፎች መካከል ያለው ሁለት ዓመት ነው ዕድገት የሚባለው። ሰው በአደባባይ ከወደቀ በኋላ ወደ ልምምድ የሚመለስበት ጠዋት አለ። ጓደኞቹ እንዴት እንደሚያዩት የሚወሰነው አሠልጣኙ እንዴት እንዳየው ነው። ቶምሰን ብራውንን በዚያ ምሽት ዞር ብሎ ባያየው ኖሮ ሌሎቹ አሥራ ምናምን ተጫዋቾችም አንድ ትምህርት ይወስዱ ነበር፦ «እዚህ ቤት አንድ ስህተት ሰውን ያስጥላል» የሚል። ያን የተማረ ቡድን በአስጨናቂ ሰዓት ኳስ የሚቀበል ሰው አያገኝም፤ ሁሉም ኳሷን ይሸሻታል። ዓይኑ ወደ ወንበሩ የሚሄድ ተጫዋች ለሜዳው የቀረው ግማሽ ዓይን ብቻ ነው፤ ለዓመታት የለመደውን እጁን ራሱ መቆጣጠር ይጀምራል፣ የለመደ እጅ ደግሞ ሲቆጣጠሩት ይተሳሰራል።

ተጠባባቂዎችስ? በ2015 የዋንጫ ጨዋታ ዱክ ከዊስኮንሲን ጋር ሲጫወት በሁለተኛው አጋማሽ በዘጠኝ ነጥብ ተመራ። የዱኩ አሠልጣኝ ማይክ ሺሼፍስኪ ያስገባው ግሬሰን አለን የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ አራት ነጥብ ገደማ ብቻ ያስቆጥር ነበር። አለን ስምንት ነጥብ በተከታታይ አስቆጠረ፤ በአጠቃላይ 16 አስመዝግቦ ዱክ 68 ለ63 አሸነፈ። ወንበር ላይ ያለን ልጅ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተሰላፊ ያላሠለጠነ አሠልጣኝ እንዲህ ባለ ሰዓት ዞር ብሎ ቢያይ ዝግጁ ሰው አያገኝም።

መተማመኑ ከታች ወደ ላይም ይሄዳል። ከርት ዲርክስ በ2000 ባሳተመው ጥናት 30 ያህል የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ስለ አሠልጣኛቸው ጠይቆ ውጤታቸውን ተከታተለ። የተጫዋቾች ችሎታና ያለፈው ውጤት ተሰልቶ እንኳ፣ ተጫዋቾቻቸው አሠልጣኙን የሚያምኑ ቡድኖች የበለጠ አሸንፈዋል። ማሸነፉም በበኩሉ እምነቱን ያጠነክራል። ተጫዋች ግን በእሱ የማያምንበትን አሠልጣኝ አያምንም። ያላመነበት ሰው «ግራ እጅህ ደካማ ነው» ሲለው ስድብ ይመስለዋል፤ ያመነበት ሰው ሲለው ወደ ልምምድ ሜዳ ይወስደዋል። ስለዚህም ነው በቁጣ ዓይኗ የምትታወቀው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ፓት ሰሚት ተጫዋቾቿን ያለ ርኅራኄ እየገሠጸች ስምንት ዋንጫና 1,098 ድል ልታገኝ የቻለችው። በእሷ ዘመን አራት ዓመታቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ሁሉ ተመርቀዋል፤ ቁጣው ለእነሱ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ቁጣ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በ2013 የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ በልምምድ ላይ ተጫዋቾችን ሲገፈትር፣ ኳስ ሲወረውርባቸውና ሲሰድባቸው የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና ከሥራ ተባረረ። «ልጁን ለማጠንከር ነው» የሚለው ማመካኛ አገራችንም ውስጥ በየትምህርት ቤቱ ይሰማል። በውርደት የጠነከረ ልጅ አላየሁም፤ ዝም ማለትን የተማረ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ከብዷል። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ኮሌጅ የመቀየር መብት አገኙ፣ በ2024 ደግሞ ገደቡ ተነሣ። ተጫዋቾቹ ይህን መብት ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ አሠልጣኞች ከኮሌጅ ኮሌጅ ሲዘዋወሩ ማንም አልከለከላቸውም ነበርና። ነገር ግን አሠልጣኙ የሁለት ዓመት ትዕግሥት ከሚያስፈልገው ልጅ ይልቅ ከሌላ ኮሌጅ የበሰለ ተጫዋች ማምጣት ይቀልለዋል። ልጁም የመጀመሪያው ክረምት ሲከብድበት ሻንጣውን ያነሣል። የብራውን ሁለት ዓመት በዛሬው ሥርዓት ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥረኛል። ስለዚህ የዘንድሮ አሠልጣኝ ልጁን ሲያመጣው ስንት ደቂቃ እንደሚያስብለት፣ ምን ሲያሻሽል ደቂቃው እንደሚጨምር፣ ምን ሲያደርግ እንደሚቀንስ ፊት ለፊት ሊነግረው ይገባል። ተጨባጭ ቃል የሌለው እምነት በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ወር አይቆይም።

ልጆቻችሁ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚጫወቱ ወላጆች፣ አሠልጣኝ ስትመርጡ የዋንጫውን መደርደሪያ ከማየታችሁ በፊት አንድ ጨዋታ ገብታችሁ ተመልከቱ። ልጅ ሲሳሳት ሌሎቹ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚያዩ አስተውሉ። ሁሉም ወደ አሠልጣኙ ፊት የሚያዩ ከሆነ ልጃችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱት። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተማ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፣ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ከወንበራችሁ አንድ ልጅ ምረጡ። የምትፈልጉበትን ሥራ በልምምድ አስተምሩት፤ በየትኛው ሩብ ስንት ደቂቃ እንደሚገባ ንገሩት። ያን ጊዜ ሲደርስ፣ እየተመራችሁም ቢሆን አስገቡት፤ የመጀመሪያዋን ኳስ ቢያበላሽም ደቂቃውን ሳይጨርስ አታስወጡት።